ባለታሊየሙ ሲዚየም አዮዳይድ 27 እጥፍ ያበራል ይላሉ፣ እኔ ያገኘሁት ግን 7 እጥፍ ነው። 20ው የት ገባ?

የላብ_ልጅ

ሰላም ቤተሰብ። የሕክምና ፊዚክስ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ቁጥር እንቅልፍ ነስቶኝ ነው የመጣሁት።

ላባችን ውስጥ ሁለት ትንንሽ የሲዚየም አዮዳይድ ክሪስታሎች አሉ፣ ጨረር ሲመታቸው ብርሃን የሚሰጡ፣ ሲንቲሌተር የሚባሉት ዓይነት። መጠናቸው እኩል ነው። አንደኛው ንጹህ ነው፣ ምንም አልተጨመረበትም። ሁለተኛው በታሊየም ዶፕ የተደረገ ነው። ዶፒንግ ስል ታናሽ ወንድሜ የአትሌቶቹ መስሎት ነበር፤ እዚህ ግን ክሪስታሉ ሲበቅል ሆን ተብሎ ትንሽ ባዕድ አቶም መጨመር ማለት ነው።

ሁለቱንም በየተራ አንድ ፎቶመልቲፕላየር (ደካማ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት ቀይሮ የሚያጎላ መሣሪያ) ላይ አስቀምጬ ጋማ ጨረር በሚሰጠው ሲዚየም-137 ለካኋቸው። ቮልቴጁን አልነካሁም። ማጉያውንም አልነካሁም። የ662 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልቱ ጫፍ (የጋማው ኢነርጂ ግራፉ ላይ የሚሠራው ጉብታ፣ ወደ ቀኝ በራቀ ቁጥር የታየው ብርሃን በዝቷል ማለት ነው) በንጹሁ ላይ ከታች፣ ጫጫታው አጠገብ ወጣ። በባለታሊየሙ ላይ ደግሞ ከዚያ 7 እጥፍ ያህል ርቆ ወጣ፣ በጣም ጥርት ብሎ።

መጽሐፍ ላይ ግን ንጹሁ በ1 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት 2,000 ያህል ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት)፣ ባለታሊየሙ 54,000 ያህል ይሰጣል ይላል። ስናካፍለው 27 እጥፍ ነው። 20ው እጥፍ የት ገባ? ሦስት ጊዜ ደግሜ ለካሁት፣ ያው ነው።

ሁለተኛ ጥያቄም አለኝ። ታሊየሙ እኮ ከሺህ አቶም አንድ ቢሆን ነው። 999ኙ ያው ሲዚየም ሆኖ ሳለ ይቺ አንዷ እንዴት ብርሃኑን በሙሉ ትለውጠዋለች? እና እንዲህ ከሆነ ለምን 5 ፐርሰንት አድርገን የበለጠ ብርሃን አናገኝም?

ዳግም_ፊዚክስ

አጭር መልስ፦ ዶፕ ያልተደረገ ክሪስታል ሲንቲሌተር አይደለም። ንጹሁ ላይ ያየሽው ጫፍ ከሆነ ቆሻሻ የመጣ ነው የሚሆነው። ስለዚህ ማወዳደሩ ራሱ ትርጉም የለውም።

ኳንታ_ከአዳማ

@ዳግም_ፊዚክስ ይሄ ልክ አይደለም፣ ተማሪዋን እንዳያሳስት ብዬ ነው። ንጹህ ሲዚየም አዮዳይድ የራሱ ብርሃን አለው። ቢስመዝ ጀርማኔትም ምንም አይጨመርበትም፣ የሚያበራው ቢስመዙ ራሱ የክሪስታሉ አካል ስለሆነ ነው። በአሜሪካው የፌርሚላብ ቤተ ሙከራ ሙ-ቱ-ኢ ለሚባለው የቅንጣት ፊዚክስ ሙከራ የተመረጡት 1,348 ክሪስታሎች ንጹህ ሲዚየም አዮዳይድ ናቸው። ቆሻሻ ቢሆን ማንም በዚያ ላይ ሙከራ አይገነባም።

አሁን ወደ አንቺ እህቴ። ልኬትሽ ምንም ስህተት የለበትም። ግን ከሁለተኛው ጥያቄሽ ልጀምር፣ እሱ ከገባሽ የመጀመሪያው በራሱ ይፈታል።

ታሊየም ብርሃን ይጨምራል ሲባል ብዙ ሰው ኢነርጂ የሚጨምር ይመስለዋል። አይጨምርም። ጋማው ሁለቱም ክሪስታል ውስጥ የሚተወው ያንኑ 662 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ያ ኢነርጂ ኤሌክትሮኖችን ከቦታቸው ያስነሳል። የተነሳው ኤሌክትሮን ከኋላው ባዶ ቦታ ይተዋል፣ ያንን ባዶ ቦታ ሆል እንለዋለን። የሲዚየም አዮዳይድ ባንድ ጋፕ (ኤሌክትሮኑን ለማስነሳት የሚያስፈልገው ትንሹ ኢነርጂ) ከ6 ኤሌክትሮን ቮልት ትንሽ ያልፋል፣ አንድ ጥንድ ለመፍጠር ግን በተግባር የዚያ ሁለት ተኩል እጥፍ ገደማ ይወጣል፣ ምክንያቱም ከፊሉ ክሪስታሉን ማሞቂያ ሆኖ ይቀራል። 15 ወይም 16 ኤሌክትሮን ቮልት በይው። 662,000ን ለዚያ አካፍዪ፣ ከ40,000 በላይ ጥንድ ይመጣልሻል።

ይሄ ቁጥር በሁለቱም ክሪስታሎችሽ ውስጥ አንድ ነው። እባክሽ እዚህ ጋ ቆም ብለሽ አስቢው። ገና ምንም ብርሃን አልወጣም፣ ታሊየሙም ገና ምንም አልሠራም።

ልዩነቱ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በንጹሁ ክሪስታል ውስጥ ሆሉ ሁለት አዮዲኖች መሃል ይተከላል፣ ዙሪያውን ትንሽ አጣሞ እዚያው ይቀራል። ኤሌክትሮን መጥቶ ያገኘዋል። ሲገናኙ 315 ናኖሜትር አካባቢ አልትራቫዮሌት ብርሃን መስጠት ይችላሉ። ግን በክፍል ሙቀት የአቶሞቹ ንዝረት ይቀድማቸዋል። አብዛኞቹ ሳያበሩ ይፈርሳሉ፣ ኢነርጂያቸውም ሙቀት ይሆናል። ለዚህ ነው በ662 ላይ 1,300 ያህል ፎቶን ብቻ የምታገኚው። ጥፋተኛው ሙቀቱ መሆኑን የሚያሳይ ነገርም አለ፦ ያንኑ ንጹህ ክሪስታል በፈሳሽ ናይትሮጅን ከዜሮ በታች ወደ 196 ዲግሪ ብታወርጂው ብርሃኑ ብዙ እጥፍ አድጎ ከባለታሊየሙ ጋር ይፎካከራል። ምንም ሳይጨመርበት።

ታሊየም ደግሞ በሲዚየም ወንበር ይቀመጣል። ቻርጁም እንደ ሲዚየም አንድ ፖዘቲቭ ስለሆነ ቦታው አይጠበውም። ግን የራሱ የኢነርጂ ደረጃዎች አሉት፣ እነሱም ጋፑ ውስጥ ናቸው። ኤሌክትሮኑም ሆሉም ሲንከራተቱ እሱ ጋ ሲደርሱ ዝቅ ብለው ይያዛሉ፣ እዚያው ይገናኛሉ፣ 550 ናኖሜትር አካባቢ ቢጫ አረንጓዴ ብርሃን ሆነው ይወጣሉ። ይሄ መንገድ ደግሞ በክፍል ሙቀት በቀላሉ አይፈርስም። 54,000ን በ0.662 አባዢው፣ ወደ 36,000 ፎቶን ነው። ከ40 ሺህ ምናምን ጥንድ 36 ሺህ! ሊባክን ከነበረው አብዛኛውን ሰብስቦ አወጣው ማለት ነው።

ከሺህ አንዷ እንዴት ትበቃለች ላልሽው፣ ሂሳቡ ቀላል ነው። ሲዚየሞቹ በኩብ በኩብ ነው የተደረደሩት፣ በየ0.46 ናኖሜትሩ አንድ። ከሺህ አንድ ማለት 10 በ10 በ10 በሆነ ኩብ ውስጥ አንድ ታሊየም አለ ማለት ነው። ስለዚህ ከአንዱ ታሊየም እስከ ሌላው 10 እርምጃ ብቻ ነው፣ 5 ናኖሜትር እንኳ አይሞላም። ለሚንከራተት ኤሌክትሮን ይሄ ከቤት እስከ ሱቅ ነው።

እኔ ለተማሪዎች ሳስረዳ እርሾ ነው የምለው። አንድ ጭልፋ እርሾ ድፍድፉን ሁሉ ትለውጠዋለች። ምሳሌው ግን አንድ ቦታ ላይ ይሰበራል፦ እርሾ ይራባል፣ ታሊየም አይራባም። ታሊየሙ ባለበት ነው የሚቆየው፣ ኢነርጂው ነው ወደ እሱ የሚሄደው።

አሁን 20ው እጥፍ። እስካሁን ያወራነው ስለ ፎቶን ብዛት ነው። መሣሪያሽ ግን ፎቶን አይቆጥርም፣ ፎቶመልቲፕላየሩ ያያቸውን ብቻ ነው የሚቆጥረው። ታሊየሙ የፎቶኑን ብዛት ብቻ ሳይሆን ቀለሙንም ቀይሮታል፣ ከ315 ወደ 550። የተለመደው ባይአልካሊ ፎቶመልቲፕላየር (ብርሃን ተቀባይ ገጹ ከሁለት አልካሊ ብረቶች የተሠራ) ደህና የሚያየው 400 ናኖሜትር አካባቢ ነው። 550 ላይ በጣም ይደክማል። ስለዚህ ባለታሊየሙ ብዙ ፎቶን ይልካል፣ ዐይኑ ግን አብዛኛውን አያይለትም። ንጹሁ ጥቂት ይልካል፣ የላከው ግን የተሻለ ይታይለታል። ያም ቢሆን የንጹሁን ሁሉ ያያል ማለት አይደለም፤ መስኮቱ ተራ ቦሮሲሊኬት ብርጭቆ ከሆነ 300 ናኖሜትር ገደማ ላይ መዝጋት ይጀምራል፣ 315 ደግሞ ጫፉ ላይ ነው።

ባይአልካሊ ላይ የሌላውን የተለመደ ክሪስታል፣ የባለታሊየም ሶዲየም አዮዳይድን ምልክት 100 ብንለው፣ ባለታሊየሙ ሲዚየም አዮዳይድ 45፣ ንጹሁ 4 እስከ 6 ይሆናል። ማለትም በመሃላቸው ያለው ልዩነት 10 እጥፍ አካባቢ ነው እንጂ 27 አይደለም። አንቺ 7 ነው ያገኘሽው። ከ7 እስከ 10 ያለው ደግሞ ሌላ ምክንያት ይኖረዋል። የማጉያሽ ሼፒንግ ታይም (ምልክቱን የሚሰበስብበት ጊዜ) ስንት ነው?

የላብ_ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ቁጥሩ ከ40 ሺህ ወደ 36 ሺህ ሲመጣ ሳይ ቁጭ ካልኩበት ተነሳሁ። ሼፒንግ ታይሙ 0.5 ማይክሮሰከንድ ነው። እንደዚያ ሆኖ ነው ያገኘሁት፣ አልነካሁትም።

ኳንታ_ከአዳማ

በቃ እሱ ነው። ታሊየሙ የቀየረው ሦስተኛው ነገር ጊዜው ነው። የንጹሁ ብርሃን ዋናው ክፍል በ16 ናኖሰከንድ ይከስማል። የባለታሊየሙ 1,000 ናኖሰከንድ ገደማ ይወስዳል፣ ያውም ከዚያ የሚዘገይ ጅራት አለው። ማጉያሽ በ0.5 ማይክሮሰከንድ ሲሠራ የንጹሁን በሙሉ ይሰበስባል፣ የባለታሊየሙን ግን ገና እየወጣ እያለ ይቆርጠዋል። ወደ 6 ማይክሮሰከንድ አድርጊውና ሁለቱንም ደግመሽ ለኪ።

ዳግም_ፊዚክስ

@ኳንታ_ከአዳማ ተቀብያለሁ፣ አመሰግናለሁ። ንጹሁ እንደሚያበራ አላውቅም ነበር። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ታሊየም ራሱ ቀለም ካለው ሶዲየም አዮዳይድ ውስጥ ሲገባ ለምን ሰማያዊ ይሆናል? 415 ናኖሜትር ነው የሚሉት።

ክሪስታል_አብቃይ

ይሄን እኔ ልውሰደው። አውሮፓ ውስጥ ክሪስታል በሚያበቅል ላብ ለተወሰኑ ዓመታት ሠርቻለሁ።

ዶፓንቱ (የሚጨመረው ባዕድ አቶም) ቀለሙን ይዞ አይዞርም። የሚያድርበት ቤት ነው የሚወስንለት። ጎረቤቶቹ ስንት ናቸው፣ ምን ያህል ቅርብ ናቸው፣ ሲያበራ ምን ያህል ይገፉታል፣ ይሄ ሁሉ ደረጃዎቹን ከፍ ዝቅ ያደርጋቸዋል። ሴሪየምን እይ። ላንታነም ብሮማይድ ውስጥ 380 ናኖሜትር፣ ሉቴሺየም ኦክሲኦርቶሲሊኬት ውስጥ 420፣ ያግ የሚባለው ጋርኔት ውስጥ ደግሞ 550 አካባቢ። ሦስቱም ያው ሴሪየም ነው። የመጨረሻውን ሁላችንም ቤት ውስጥ አለን፦ ነጭ ኤልኢዲ አምፖል ውስጥ ያለው ቢጫ ዱቄት በብዛት ባለሴሪየም ያግ ነው። ከስሩ ያለው ቺፕ ሰማያዊ ያበራል፣ ዱቄቱ ከፊሉን ወደ ቢጫ ይቀይራል፣ ሁለቱ ሲደባለቁ ዐይናችን ነጭ ይለዋል።

አሁን ወደ 5 ፐርሰንቱ ጥያቄ፣ ይሄ በእጄ ስላለፈ ትንሽ ላስረዝም።

ታሊየሙን ከዜሮ እየጨመርሽ ስትሄጂ ብርሃኑ መጀመሪያ በፍጥነት ይወጣል። ከዚያ ይረጋል። የሶዲየም አዮዳይድ ክሪስታሎች 0.1 ሞል ፐርሰንት አካባቢ የሚሠሩት ለዚህ ነው፤ ከዚያ በላይ የምትጨምሪው ታሊየም የሚይዘው ኢነርጂ የለም፣ አብዛኛው ቀድሞ ተይዟል። ኳንታ ያወጣውን ሂሳብ ተመልከቺ፣ ከ40 ሺህ 36 ሺህ ከወጣ ከዚህ ወዲያ ስንት ይቀራል? ጭማሪው ከዚህ በኋላ መጉዳት ይጀምራል። ዶፓንቶቹ ሲቀራረቡ አንዱ ያመነጨውን ሌላው መልሶ ይውጠዋል፣ ወይም ኢነርጂው ከአንዱ ወደ አንዱ እየዘለለ ይሄድና ጉድለት ያለበት ቦታ ሲደርስ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ክሪስታሉም ራሱ ይከፋል፣ ይደበዝዛል።

መልሶ መዋጥን በደንብ የምታዪው ባለዩሮፒየም ስትሮንሺየም አዮዳይድ ላይ ነው። በጣም ግሩም ብርሃን ያለው ክሪስታል ነው፣ እኔ በግሌ ከሁሉም አስበልጬ የምወደው እሱን ነው። ግን ዩሮፒየሙ የላከውን ብርሃን ጎረቤቱ ዩሮፒየም ይውጠዋል፣ ደግሞ ይልከዋል፣ ሌላው ደግሞ ይውጠዋል። ስለዚህ ክሪስታሉ በገዘፈ ቁጥር ብርሃኑ ይዘገያል፣ ልኬቱም ይበላሻል። ትንሽ ናሙና ላይ ያማረ ነገር ትልቅ ሲሆን ያሳዝናል።

ሁሉም ግን በ0.1 ፐርሰንት አይረጋም። ላንታነም ብሮማይድ ላይ 5 ፐርሰንት ሴሪየም የተለመደ ነው። ስለዚህ አንድ ትክክለኛ መጠን የሚባል ነገር የለም፣ ቤቱና እንግዳው ናቸው የሚወስኑት።

ሌላው መጽሐፍ ላይ ብዙም የማይጻፈው ነገር፣ ቀልጦ ያለው ላይ የጨመርሽው ታሊየም ክሪስታሉ ውስጥ እኩል አይገባም። ክሪስታሉ ከአንድ ጫፍ ሲረጋ ታሊየሙን ወደ ፈሳሹ ይገፋዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የረጋው ጫፍ ታሊየም ያንሰዋል፣ መጨረሻ የረጋው ይበዛበታል። ከፊሉ ደግሞ በትነት ይሄዳል። ከአንድ ክሪስታል ላይ ከታችና ከላይ የተቆረጡ ቁርጥራጮች የተለያየ መጠን ይዘው ሊወጡ ይችላሉ። ላቦራቶሪ የምትገዥው ክሪስታል ላይ 0.1 ተብሎ ከተጻፈ ቀልጦ ሳለ የነበረው ነው ወይስ ክሪስታሉ ውስጥ የገባው ብለሽ ጠይቂ።

እና ጓንት አድርጊ። ታሊየም መርዝ ነው፣ ድሮ ለአይጥ ይሠራበት ነበር። ክሪስታሉን መንካት ያን ያህል አያስፈራም፣ ሲፋቅ ወይም ሲለሰልስ የሚወጣው ዱቄት ነው የሚያሳስበው።

ጋሼ_ጋማ

ልጄ፣ ጥያቄሽ ደስ አሰኝቶኛል። እኔ ሆስፒታል ውስጥ ጋማ ካሜራ (ከሕመምተኛው አካል የሚወጣውን ጋማ ጨረር ምስል የሚያደርግ መሣሪያ) ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። ፊዚክሱን ልጆቹ በደንብ ነግረውሻል፣ እኔ የመሣሪያውን ልንገርሽ።

ጋማ ካሜራ ውስጥ ያለው ትልቁ ሳህን ባለታሊየም ሶዲየም አዮዳይድ ነው። ሮበርት ሆፍስታተር እ.ኤ.አ. በ1948 ያወጣው ነው፣ እስከ ዛሬ አልተሻረም። ምክንያቱም 415 ናኖሜትር ፎቶመልቲፕላየሩ ደህና የሚያይበት ቦታ ላይ ነው። ክሪስታሉና ዐይኑ ተጋብተዋል። የአንቺ ሲዚየም አዮዳይድ ደግሞ የሲሊከን ፎቶዳዮድ (ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ቺፕ) ሚስት ናት፤ ሲሊከን 550ን አሳምሮ ነው የሚያየው። ለዚህ ነው በየሆስፒታሉ ያለው ዲጂታል የራጅ ሰሌዳ ውስጥ ባለታሊየም ሲዚየም አዮዳይድ እንደ መርፌ ተደርድሮ በሲሊከን ላይ የሚበቅለው። ብርሃኑ በመርፌዎቹ ውስጥ ተመርቶ ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ ምስሉ አይደበዝዝም።

አንድ የምሰማው ስህተት አለ። ካሜራው ሲያረጅ፣ ምስሉ ሲደበዝዝ፣ "ታሊየሙ አልቋል" ይላሉ። ታሊየም አያልቅም። ብርሃን በሰጠ ቁጥር ወደ ነበረበት ይመለሳል፣ ነገም ያንኑ ይሠራል። የሚጎዳው እርጥበት ነው። ሶዲየም አዮዳይድ ውሃ ይወዳል፣ ከአየሩ ላይ ይስባል። የታሸገበት አልሙኒየም ጠርዙ ላይ በትንሹ ከተነፈሰ ክሪስታሉ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ይወጣል። ቢጫ ማለት ሰማያዊውን የሚውጥ ማለት ነው። ታሊየሙ እየላከ ነው፣ መንገዱ ነው የተዘጋው።

ሁለተኛው የሙቀት ለውጥ ነው። በሰዓት ከጥቂት ዲግሪ በላይ ከተለወጠበት ይሰነጠቃል። አንድ ጊዜ፣ የት እንደሆነ ልተወው፣ ሌሊት መብራት ጠፍቶ የክፍሉ ማሞቂያ ቆመ፣ ጠዋት ስንገባ ምስሉ ላይ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር መስመር ነበር። ያ ሳህን አልተጠገነም። ሕመምተኞች ለወራት ወደ ሌላ ቦታ ሲላኩ አየሁ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሲዚየም አዮዳይድሽ በዚህ በኩል የተሻለ ነው፣ በቀላሉ አይሰነጠቅም፣ እርጥበቱንም ይችላል፣ በተለይ ባለታሊየሙ። ቢሆንም ደረቅ ቦታ አስቀምጪው።

የላብ_ልጅ

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥልኝ። የእኛ ክሪስታል ቁምሳጥን ውስጥ ክፍት ነበር፣ ዛሬውኑ ሲሊካ ጄል ያለበት እቃ ውስጥ አስገባዋለሁ።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ታሊየም ይህን ያህል ከጠቀመ ሰዎች ለምን ንጹሁን ይመርጣሉ? ስለ ባለሶዲየም ሲዚየም አዮዳይድም አንብቤያለሁ፣ እሱስ ምን ፈልገው ነው?

ክሪስታል_አብቃይ

ለፍጥነት ነው። ክስተቶቹ እየተከታተሉ በሚጎርፉበት ቦታ 1 ማይክሮሰከንድ በጣም ረጅም ነው። ጃፓን ውስጥ የነበረው ቤል የሚባል የቅንጣት ፊዚክስ ሙከራ ካሎሪሜትር (ኢነርጂ የሚለካው ክፍል) 8,736 ባለታሊየም ሲዚየም አዮዳይድ ክሪስታሎች ነበሩት፣ ተከታዩ ቤል ቱም ያንኑ ነው የሚጠቀመው። የአንዱ ክስተት ብርሃን ሳያልቅ የሌላው ይደርስበታል። ሙ-ቱ-ኢዎች ንጹሁን የመረጡት 16 ናኖሰከንዱን ፈልገው ነው። ብርሃኑ ማነሱን እያወቁ።

ባለሶዲየሙ መሃል ላይ ነው። 420 ናኖሜትር፣ 40,000 ያህል ፎቶን፣ 630 ናኖሰከንድ ገደማ። ቀለሙ ለፎቶመልቲፕላየር ይመቻል። ዋናው ጥቅሙ ግን ሌላ ነው። ባለታሊየሙ አፍተርግሎው የሚባል ቅሪት ብርሃን አለው። ከኤሌክትሮኖቹ ከፊሉ ክሪስታሉ ውስጥ ባሉ ወጥመዶች ይያዛሉ፣ ሙቀቱ ቀስ እያለ ይለቃቸዋል፣ ከሚሊሰከንዶች በኋላ ወደ ታሊየሙ ደርሰው ያበራሉ። የተዳፈነ ፍም ማለት ነው፣ እሳቱ ጠፋ ስትይ ከአመዱ ስር ይበራል። ለአንቺ 36 ሺህ ፎቶን ይሄ ምንም አይደለም። ጥቂት ፎቶኖችን ለሚጠብቅ ሰው ግን ገዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ኮሂረንት የሚባለው የተመራማሪዎች ቡድን በአሜሪካው የኦክ ሪጅ ቤተ ሙከራ ኒውትሪኖ (ከቁስ ጋር እምብዛም የማይገናኝ ቅንጣት) ከሙሉ ኒውክሊየስ ጋር ሲጋጭ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው 14.6 ኪሎ በሚመዝን ባለሶዲየም ሲዚየም አዮዳይድ ነው። ምልክቱ እጅግ ጥቂት ፎቶኖች ነበሩ። ባለታሊየሙን ያልመረጡት አንዱ ምክንያት ይሄ ፍም ነው። ቤቱ ያው ሲዚየም አዮዳይድ፣ እንግዳውን ብቻ ለውጠው ኒውትሪኖ አዩ። ይሄን ሳስብ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ሁለተኛ ዶፓንት መጨመርም አለ። ባለታሊየሙ ላይ ትንሽ ዩሮፒየም ወይም ሳማሪየም ሲጨመር ቅሪት ብርሃኑ በጣም ይቀንሳል። በላንታነም ብሮማይድ ላይ ከሴሪየሙ ጋር ትንሽ ስትሮንሺየም ሲገባ ደግሞ 662 ላይ ያለው የጫፉ ስፋት ከ3 ፐርሰንት ትንሽ ዝቅ ካለበት ወደ 2 ፐርሰንት ወርዷል። የሚገርመው ፎቶኑ ያን ያህል አልጨመረም። የተሻሻለው ብርሃኑ ከኢነርጂው ጋር ያለው ተመጣጣኝነት ነው። ለፔት ስካን (የሰውነትን ውስጥ በምስል የሚያሳይ ምርመራ) የሚሆነው ሉቴሺየም ኦክሲኦርቶሲሊኬት ላይም ካልሲየም ሲጨመር ከ40 ናኖሰከንድ በላይ የነበረው ወደ 30 ይወርዳል። ለፔት እነዚያ 10 ናኖሰከንዶች ትልቅ ነገር ናቸው።

የላብ_ልጅ

ዛሬ ደግሜ ለካሁ። ሼፒንግ ታይሙን ወደ 6 ማይክሮሰከንድ አደረግኩት። የንጹሁ ጫፍ ካለበት ብዙም አልተንቀሳቀሰም። የባለታሊየሙ ጫፍ ወደ ቀኝ ሄደ። ሬሾው ከ7 ወደ 10.4 መጣ!

ከዚያ ሁለቱን በኦሲሎስኮፕ አየኋቸው። ንጹሁ መርፌ ነው፣ ወዲያው ይወድቃል። ባለታሊየሙ ቀስ ብሎ እንደ ኮረብታ ወደ ታች ይንሸራተታል፣ ስክሪኑን ካላሰፋሁት አያልቅም። ስንት ጊዜ አንብቤው እንደዚህ አልገባኝም ነበር።

ኳንታ_ከአዳማ

ጎበዝ! የቀረው 27 ሲካፈል ለ10.4፣ ወደ 2.6 ነው። እሱ ቀለሙ ነው። የፎቶመልቲፕላየርሽን የኳንተም ብቃት ግራፍ (በየቀለሙ ከሚደርሰው ፎቶን ስንቱን እንደሚያይ የሚያሳየውን) አውጪና 315 እና 550 ላይ ያሉትን ሁለት ቁጥሮች አካፍያቸው። ፎቶዳዮድ የሚያውስሽ ሰው ካገኘሽ ባለታሊየሙን በእሱም ለኪውና እዚሁ ጻፊልን።